እሜቴ በለጡ እና የውሻቸው ጆሮ

እሜቴ በለጡ ሞቱ። ወሬውን ያመጣው ከየካ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ሰው ነው። አህያውን ደጃችን ላይ አቁሞ፣ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ፣ ያቺ የውሻዋ ሴትዮ አረፈች አለን። አባቴ አማተቡ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ ሽታ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንደገና ከአፍንጫዬ ሥር ተነሣ፤ የከረመ እርሾ፣ የሻገተ አይብ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ስም ያልወጣለት አንድ ነገር። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። እንባዬ የመጣው ከሁሉም ኋላ ነው።

እንግዲህ እጽፋቸዋለሁ። ዳዊት የደገምኩት፣ ቀለም መበጥበጥ የተማርኩት ለምን ሆነና? አባቴ ስለ ቅዱሳን ጻፊ ይሉኛል፤ የቅዱሳኑን ሌላ ሰው ጽፎታል። የእሜቴ በለጡን እኔ ካልጻፍኩት ማንም አይጽፈው። የምታነቡልኝን ሰዎች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መጀመሪያ ምሳችሁን ብሉ፣ በደንብ ይውረድላችሁ፣ ከዚያ አንብቡ።

ነገሩ የሆነው ከተማው ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሳይወርድ፣ ንጉሡም ሠራዊቱም እኛም እንጦጦ ራስ ላይ ብርድ ሲጠብሰን በነበረ ጊዜ ነው። እኔ ጥርሴ ገና ይረግፍ ነበር። እሜቴ በለጡ ከየካ ሽቅብ የወጡት ደጅ ሊጠኑ ነው። ባላቸው የጦር ሰው ነበሩ፤ ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። ተዝካራቸው ሳይወጣ የሟቹ እኅት ልጅ፣ ባሻ ደምሴ የሚባለው፣ የካ ወንዝ ዳር ያለውን መሬት የአጎቴ ነው፣ መካን ሴት ምን ቤት ናት ብሎ ያዘው። እሜቴ በለጡ ባላቸው መሬቱን በሕይወት ሳሉ በሽማግሌ ፊት ሰጥተውኛል ይላሉ። ከዚያ ማሳ በቀር በዓለም ላይ አንድም ነገር አልነበራቸውም። እሱ ከሄደ የሚቀራቸው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከነዳያን ጋር መቀመጥ ነው። ስለዚህ ለንጉሡ ዳኞች ሊጮኹ መጡ፤ አባቴም የደብሩ ቄስ ናቸውና ከጓሯችን ያለችውን ጎጆ ሰጧቸው።

አባቴ ጎጆዋን የሰጡት ለአንዲት ባልቴት መስሏቸው ነበር። ውሻ እንዳለ የሰማነው ከገቡ በኋላ ነው። ሰማን ብል ውሸት ነው፤ ሸተተን።

ውሻው ስሙ ምን አገባችሁ ነበር። ከሰው የተቀያየመ ሰው ለጎረቤቱ ሊለው የሚፈልገውን በውሻው ስም እንደሚለው ታውቃላችሁ። የባላቸው ዘመዶች ይህች አትወልድም፣ ሌላ አግባ እያሉ ባላቸውን ሲመክሩ፣ እሜቴ በለጡ ለቡችላቸው ይህን ስም አወጡለትና ጧትና ማታ በአጥር ላይ እየጮኹ ይጠሩት ጀመር። ቡችላው አድጎ ትልቅ ቀይ ውሻ ሆነ። ቀኝ ጆሮውን ጅብ ነከሰው፤ ጆሮው ሲድን ተጣጥፎ ቀረና ቀዳዳውን እንደ ድስት ክዳን ገጠመው።

ከክዳኑ ሥር ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ኩኩ ጥቁርና ቅባት ያለው ነው፤ የተቆላ ተልባ በማር የተለወሰ ይመስላል። ሲብስበት ይቀጥንና ቢጫ ይሆናል፣ እንደ ተመታ አብሽ ይዝለገለጋል። እኔ አብሽ ዛሬም አልቀምስም። ቆዳውም ከጆሮው አይሻልም። እከክ ብብቱንና ሆዱን በልቶት፣ ጠጉር የነበረበት ቦታ ጠቁሮና ተጨማዶ የዝሆን ቆዳ መስሏል፤ ሲያከው ቅርፊቱ እንደ ገለባ ይበናል። በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥብ ቁስል ሲልስ የሚያሰማው ድምፅ እናቴን ከቤት ያስወጣት ነበር። የሁሉም ክፉ ግን ራሱን ማራገፉ ነው። ጆሮው ሲበላው ራሱን ግራና ቀኝ ያራግፋል፤ ያን ጊዜ ከክዳኑ ሥር ያለው ሁሉ ይረጫል። ግድግዳችን ላይ አርፏል። ሌማታችን ላይ አርፏል። አንድ ቀን አባቴ ለቅዳሴ ሊሄዱ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ሲወጡ ምን አገባችሁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ራሱን አራገፈ። አባቴ የዚያን ቀን ስለተናገሩት ነገር ንስሐ ገብተዋልና እኔ አልጽፈውም።

እሜቴ በለጡ አይጸየፉም። የሚጸየፍ ሰው ጠግቦ ነው ይሉ ነበር። ጧት ፀሐይ ስትወጣ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ደርባባ ናቸው፣ እግራቸው እንሶስላ የሞቀ፣ ጥልፍ ቀሚሳቸው አርጅቶም ገና ጥልፍ ነኝ የሚል። ውሻውን በጉልበታቸው መካከል ይይዙና ክዳኑን ገልብጠው የዶሮ ላባ ይከታሉ። ያዞሩታል። ያወጡታል። ከዚያ፣ ይኼን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ላባውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ያሸቱታል፤ ጠጅ እንደሚቀምስ አሳላፊ ዓይናቸውን ጨፍነው። ቀጥሎ ፍርድ ይሰጣሉ። ዛሬ እርሾ ነው ካሉ ቀላል ነው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ዛሬ አይብ ነው ካሉ መካከለኛ ነው። ዛሬ አይጥ ነው ካሉ፣ የሞተ አይጥ ማለታቸው ነው፣ የዚያን ቀን እኛ ቤት ምሳ የሚበላ የለም።

እናቴ አንድ ቀን መታገሥ ቢያቅታት፣ «እሜቴ፣ እባክዎን እህል ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ» አለቻቸው።

«ታጥቤያለሁ።»

«መቼ ታጠቡ?»

«ለፋሲካ» አሉና ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ከሌማቱ ቆረሱ።

ሰው ሲጸየፋቸው ማየት ይወዱ ነበር። እኔን ካዩኝ፣ ነይ አንቺ የቄስ ልጅ፣ አሽቺ ብለው ላባውን ይዘረጉልኛል፤ እኔ ስሸሽ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ይስቃሉ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለመሸሽ ብዬ ነው በዚያ በኩል የማልፈው።

መድኃኒት ሳይሞክሩ ቀርተው እንዳይመስላችሁ። ለቆዳው ድኝ በአሮጌ ቅቤ ለውሰው ይቀቡታል፤ ሻል ይለውና ጠጉር ብቅ ማለት ሲጀምር ያው እከክ ተመልሶ ይመጣል። ለጆሮው ግን ያመኑት በጠበል ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከገደሉ ሥር ወደሚፈልቀው ጠበል ይወርዱና በቅል ቀድተው፣ ሰው ሳያይ፣ የውሻውን ጆሮ ይሞሉታል። አባቴ ይህን የሰሙ ዕለት ፊታቸው ጠቆረ። ጠበል ለተጠመቀ ነው፣ እንዴት ለውሻ ያፈስሳሉ ብለው ገሠጿቸው። እሜቴ በለጡ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ፤ በማግስቱም ቅላቸውን ይዘው ወረዱ። ጆሮው ሱባዔ በያዙለት ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል፤ እሳቸውም እየባሰበት በሄደ ቁጥር ሌላ ሱባዔ ይይዙለታል።

ከዚያ ራሳቸው ታመሙ። ንዳድ ይዟቸው ብዙ ቀን ተኙ። እናቴ አጥሚት ትወስድላቸው ነበር፤ ውሻውን ግን በእንጨት እንኳ አልነካውም አለች። ምን አገባችሁ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው ዳር አመድ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ጠበል የሚያመጣለትም ላባ የሚያስገባበትም የለም። እሜቴ በለጡ ተሽሏቸው የተነሡ ዕለት ክዳኑን ገልብጠው ላባውን ከተቱ። ላባው እንደገባ ወጣ፤ ደርቆ። አሸተቱት። ዓይናቸውን ከፍተው እንደገና አሸተቱት።

«ምንም» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ከዚያ አባቴን አስጠርተው ጠላቱ ውሃ ነው አሏቸው፤ ጆሮው ክዳን አለው፣ የገባበት ውሃ አይወጣም፣ እዚያው ይቦካል። ጠበሉን ግን እንዳይቀየሙት፣ ጥፋቱ ያልተጠመቀውን ያጠመቅኩ የእኔ ነው አሉ። አባቴ በዚህ ነገር መቆጣትም መሳቅም አልሆነላቸውም። ከዚያ ወዲያ እሜቴ በለጡ ጆሮውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠርጉ ጀመር፤ ዝናብ ሲመጣም ውሻውን ከጎጆ አያስወጡትም። ሽታው ሄደ። ከክዳኑ ሥር ያለው ቆዳ ነጣ፣ ከዚያ ጠጉር አበቀለ። እኛም ቤት ሰው ምሳ መብላት ጀመረ።

ችሎት የቀረቡት በዚህ ሰሞን ነው። ዳኛው ጉንፋን ይዟቸው ዓይናቸው ያለቅስ ነበር። ባሻ ደምሴ ቀርቦ እጅ ነሣ። ቆንጆ ሰው ነው። ኩታው በእንዶድ ታጥቦ ዓይን ይወጋል፤ ጠጉሩ ቅቤ ጠጥቷል፤ አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር የብር ኩክ ማውጫ ተንጠልጥሏል፤ ሲናገር በሁለት ጣቱ ያሻሸዋል። የእሜቴ በለጡ ምስክሮች ያሉት ቡልጋ ነው፤ ጊዜው ክረምት፣ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። ዳኛው ምስክሮቹ እስኪመጡ ሁለታችሁም በቁራኛ ትቆያላችሁ አሉ፤ የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዱ ከሄደ ሌላውም ይሄዳል፣ አንዱ ከተቀመጠ ሌላውም ይቀመጣል ማለት ነው። ቋጠሮውን የፈታ ወይም የቆረጠ እንደ ሸሸ ይቆጠራል፤ መሬቱንም ያጣል። ለእሜቴ በለጡ ግን ሴት ነዎትና በእርስዎ ፈንታ የሚታሰር ወንድ ይጥሩ አሏቸው።

«ይኼን ልጅ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አሉ እሜቴ በለጡ። «ስንቴ ጀርባዬ ላይ ሸንቷል። ያኔ ያላፈረ ዛሬ ያፍራል?»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ባሻ ደምሴ ኩክ ማውጫውን ያዘ፤ አላሻሸውም። የኩታው ጫፍ ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ተቋጠረ፤ አባቴ ማታ ማታ ተፈተው የሚያድሩበትን ዋስትና ገቡና ሁለቱንም ይዘን ወደ ቤት መጣን።

መጀመሪያ ላይ ባሻ ደምሴ ኮራ ብሎ ነበር። የውሻው ጆሮ ደርቋል፣ ውሻው ጥግ ላይ ይተኛል፣ እሜቴ በለጡ ጥጥ ይፈትላሉ፣ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ሰማዩን ያያል። የተቆጡ እንደሆነ ሁለቱም ኦሮሞኛ ይቀናቸዋል፣ የካ ያደጉ ናቸውና፤ አባቴ እንዳይሰሙ በዚያ ይሰዳደባሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ጧት እሜቴ በለጡ ላባውን ከተቱና አወጡ።

«ዛሬ እርሾ ነው» አሉ።

ክረምቱ ነው፣ እርጥበቱ ነው አልን። በነጋታው አይብ ሆነ። ከዚያ አይጥ ሆነ፤ አይጥ ሆኖም ቀረ። መግሉ ከክዳኑ ሥር አልፎ በጉንጩ ይወርድ ጀመር፤ የወረደበት ጠጉር ተጣብቆ ከነቆዳው ይላጣል፤ ዝንቡ መቼም አይነገርም። እከኩም እንደ ተጠራ እንግዳ አብሮ ተመለሰ። እሜቴ በለጡ በየጧቱ ላባውን ወደ ባሻ ደምሴ አፍንጫ ያስጠጋሉ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ፣ አንተ አሽትተህ ንገረኝ ይሉታል። እሱ መሸሽ አይችልም። የሚችለው ነጠላቸው እስኪወጠር ድረስ ብቻ ነው። ምሳ ሲቀርብ ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት፤ እሳቸው በዚያ እጃቸው ይቆርሳሉ፣ አንዳንዴም ያጎርሱታል። አዝላ ያሳደገችውን አሮጊት ጉርሻ እንዴት ይመልሷል? ይውጠዋል። ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ስታልፍ አያታለሁ። እኔ ከዚያ በላይ የሚያስጸይፍና ከዚያ በላይ የሚያስቅ ነገር አላየሁም። ሰውዬው ዓይናችን እያየ ከሳ።

ውሻው ግን አያስቅም ነበር። ራሱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ መሄድ ጀመረ። ሊሮጥ ሲል ክብ ይዞራል፣ ይወድቃል። እሜቴ በለጡ ክዳኑን ሲገልጡት እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ከጉልበታቸው መካከል ግን አይወጣም።

አንድ ጧት፣ አባቴና ባሻ ደምሴ ሳይነሡ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እሜቴ በለጡን ጓሮ አየኋቸው። ከጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በቅል ይዘው በምን አገባችሁ ጆሮ ያፈሳሉ። ቀስ ብለው ሞሉት። ከዚያ እንዳይራገፍ ክዳኑን በመዳፋቸው ያዙ። ውሻው እያቃሰተ ነው፤ እሳቸው በሌላ እጃቸው አንገቱን ያሻሹታል። «ቻለኝ» ይሉታል። «ጥቂት ነው፣ ቻለኝ።»

የረሱ መስሎኝ ጠጋ አልኩና፣ «እሜቴ፣ ጠላቱ ውሃ ነው አላሉም?» አልኳቸው።

ብዙ አዩኝ። «አንቺ ዳዊት ትደግሚ የለ?» አሉ። «እንግዲያ ሂጂና ድገሚ።»

ሄድኩ። ግን አልደገምኩም። አጥር ሥር ተቀምጬ ቆየሁ። ያንን ሁሉ መግል፣ ያንን ሁሉ ቅርፊት በደስታ አይቼ፣ ያን ጧት ግን ያንን መዳፍ፣ ጆሮውን የያዘውን፣ ማሰብ አልቻልኩም። ለማንም አልተናገርኩም፤ የዚያች ሴት ማሳ በኔ አፍ ላይ እንዲያድር አልፈለግኩም።

ከዚያ ቋጠሮው የተቆረጠበት ቀን መጣ። አባቴና እናቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። እሜቴ በለጡ ላባውን ይዘው፣ ይኼ አልጠርግ አለኝ፣ ጠንከር ያለ ነገር ነው የሚፈልገው አሉ። ዘወር አሉና ያንን የብር ኩክ ማውጫ ከባሻ ደምሴ ደረት ላይ ያዙት።

«ይኼ የባሌ ነው» አሉ።

«አጎቴ ናቸው ያወረሱኝ፤ ይተዉት» አለ።

አልተዉትም። ጎተቱት። ክሩ አንገቱ ላይ ነውና ኩክ ማውጫው ወደ ውሻው ጆሮ ሲሄድ የባሻ ደምሴም ራስ አብሮ ሄደ፤ አፍንጫው ከክዳኑ ሥር ሊገባ ጣት ታህል ቀረው። ብሩ ገባ። ቆረቆረው። ያን ጊዜ ምን አገባችሁ ራሱን አራገፈ።

ምን ላድርግ፣ እጽፈዋለሁ። ጢሙ ላይ አረፈ። ቅንድቡ ላይ ተንጠለጠለ። ሊጮኽ አፉን ከፍቶ ነበርና አፉም ውስጥ ገባ። ባሻ ደምሴ ከሰው ጉሮሮ የማይወጣ ድምፅ አወጣ፤ ካራውን ከወገቡ መዝዞ ቋጠሮውን ቆረጠና ወደ አጥሩ ሮጠ። እዚያ ተንበርክኮ የበላውንም ያልበላውንም አመጣ። እሜቴ በለጡ የተቆረጠውን የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ተመለከቱት፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞር አሉ።

«ቄስ፣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አሉ አባቴ፤ ከዚህ ሌላ ምን ይበሉ?

በማግስቱ ችሎት ቀረብን። ዳኛው ከጉንፋናቸው ድነው ነበር። ውሻው እሜቴ በለጡን ተከትሎ ገብቶ ነበርና፣ ዳኛው ገና ሲቀመጡ ኩታቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ባሻ ደምሴ መቁረጡን አልካደም። ይህች ሴት በተንኰል ነው ያስቆረጠችኝ፤ ውሻው ድኖ ነበር፣ እኔ በተቋጠርኩ ጊዜ ሆን ብላ መልሳ አበሰበሰችው አለ። እሳቸውን ሳያከብር ሲጠራቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዳኛው አሰቡና ለመሐላ ፈረዱ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው እንዲቀርቡ አዘዙ። እሜቴ በለጡንም፣ በሽታው ራሱ መጣ እንጂ እኔ አላመጣሁትም ብለው መስቀሉን በእጅዎ ከመቱ መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ሙግቱ አልቋል አሏቸው።

እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜያለሁ። የማውቀውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሐሰት ከማሉ ነፍሳቸው ጠፋች፣ በአባቴ እጅ። ካልማሉ ማሳው ጠፋ፣ ከነዳያን ጋር መቀመጥ ነው። አባቴ መስቀሉን ዘረጉ። እሜቴ በለጡ እጃቸውን አነሡ፤ ሊያስጠጉት ጥቂት ሲቀር ቆሙ። እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«በዚህ እጄ መስቀል አልነካም» አሉ። «ጆሮው ደርቆ ነበር። ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ ጧት ጧት።»

ዳኛው ኩታቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱና፣ «ስለምን?» አሉ።

«ይኼ ልጅ ንጹሕ ነገር ይወዳል። ሌላ የምታገልበት ምን አለኝ?»

የሳቀም ያዘነም ነበር። ዳኛው ግን አልሳቁም። በተንኰል የተቆረጠ ቋጠሮ እንደ ሽሽት አይቆጠርም፤ ምስክሮቹ እስኪመጡ ድረስ እንደ ቀድሞው ይታሰሩ ብለው ፈረዱ። ጨርቅ ካራን ስለማይችልም በሰንሰለት ይሁን አሉ። ሰንሰለቱ መጣ። እሜቴ በለጡ፣ እንዳልተሸነፈ ሰው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ክንዳቸውን ዘረጉ። ባሻ ደምሴ ሰንሰለቱን አየ። ያንን እጅ አየ። ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ በኋላ እግሩ ጆሮውን የሚያከውን ምን አገባችሁን አየ፤ የሚረጨው ነገር የዳኛው ምንጣፍ ጫፍ ላይ ሲያርፍም አየ።

«መሬቱን ይውሰዱት» አለ።

ዳኛው በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም። ምስክሮቹ እኮ ገና ናቸው፣ ምናልባት አይመጡ ይሆናል አሉት።

«ይውሰዱት። ምስክር አልፈልግም። ይውሰዱትና ይሂዱልኝ።»

እንጦጦ እንደዚያ የሳቀበትን ቀን አላውቅም። ዘበኞቹ ሁሉ ጦራቸውን ተደግፈው ይስቃሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ እስኪያመኝ ጮኽኩ። አባቴ ብቻ አልሳቁም። ስለ ውሻው ብለው በእሜቴ በለጡ ላይ ስግደት አዘዙ። በእንስሳ ላይ ስለ ተሠራ በደል ንስሐ መስጠት ተጽፎ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እሜቴ በለጡም አልጠየቁም፤ ሰገዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮው ውሃ አልነካም። ደረቅ ጨርቅ፣ ደረቅ አመድ፣ የምድጃው ሙቀት፤ መግሉ ቆመ፣ ሽታው ሄደ። ክረምቱ እንዳለቀም ወደ የካ ሊወርዱ ተነሡ።

እኛ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኘናቸው። ምን አገባችሁ ቀድሞን ሄዶ መንገዱ ዳር ተቀምጧል፤ ቀኝ ጎኑን ለኛ ሰጥቶ። እሜቴ በለጡ በስሙ ጠሩት። አልዞረም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት። ጆሮውም አልተነቃነቀ። ዞረው በግራው በኩል ሲመጡ አያቸውና ጅራቱን እየቆላ ተነሣ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ተመልሰው በቀኙ ቆሙ፤ እጃቸውን አጨበጨቡ። በዚያ በኩል አልሰማቸውም። በዚያ ጥልፍ ቀሚስ አቧራው ላይ ተንበረከኩ፤ ክዳኑን ገልብጠው ከንፈራቸውን እዚያ ቀዳዳ ላይ አስጠጉ። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ቅርብ ነበርኩና ሰማሁ፤ ስሙን በሹክሹክታ ነበር የሚጠሩት፣ ደጋግመው፣ ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰው አለ ወይ እንደሚል እንግዳ። ምን አገባችሁ ወደ የካ የሚወርደውን መንገድ ያይ ነበር።